በስፌት መስመር ላይ የእንከን መመዝገቢያ ቅጽ እንዴት ቢዘጋጅ ይሻላል?

የጥራት ባለሙያ (የክሩ ከፋች)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምሠራው ሸሚዝ እየሰፋ ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በስፌት መስመሮቻችን መጨረሻ ላይ ተቆጣጣሪዎች የሚሞሉት የእንከን መመዝገቢያ ቅጽ ለውሳኔ የሚረዳ መረጃ ስለማይሰጠንና በቀላል ቅጽ ልንተካው ስላሰብን ነው።

አሁን ያለው ቅጽ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የገዢ ስም፣ የልብሱ ልክ፣ የማሽን ቁጥር፣ የኦፕሬተር ስም፣ የእንከን ዓይነት፣ «የእንከኑ መንስኤ» እና «የተወሰደ እርምጃ» የሚሉ ዓምዶች ያሉት ሲሆን፣ እንከን ለተገኘበት ለእያንዳንዱ ሸሚዝ አንድ ሙሉ ረድፍ መሞላት አለበት። ተቆጣጣሪዋ ግን አንዱን ሸሚዝ ከኮሌታው እስከ ታችኛው ጠርዝ አይታ ለማሳለፍ ያላት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ እንከን ያለባቸውን ሸሚዞች ወደ ጎን ስትከምር ትውልና ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ቅጹን በትዝታ ትሞላዋለች። «መንስኤ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚነበበው «የኦፕሬተር ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት «እንከን ጨምሯል» ይላል፤ የትኛው እንከን፣ በየትኛው የሸሚዙ ክፍል፣ በየትኛው ሰዓት እንደጨመረ ግን ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ማውጣት አልተቻለም።

ያሰብነው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የእንከን ዓይነቶች ይዘረዘራሉ፦ የዘለለ ስፌት፣ የተበጠሰ ክር፣ የተጨማደደ ስፌት፣ የዘይት እድፍ፣ ሳይቆረጥ የቀረ ክር፣ የተዛነፈ ኮሌታ እና ሌላ። ወደ ቀኝ ደግሞ የሥራ ሰዓቶቹ ይደረደራሉ። ተቆጣጣሪዋ እንከን ባየች ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰረዝ ታሰምራለች፤ አምስተኛው ሰረዝ አራቱን አቋርጦ ስለሚያልፍ ድምሩ በአምስት በአምስት ይቆጠራል። ከዚህ በላይ ምን መጨመር፣ ምንስ መተው እንዳለብን በተለይ በሥራው ላይ ካላችሁ ሰዎች ለመስማት እፈልጋለሁ።

ነባር አሰልጣኝ

እህቴ፣ ሐሳብሽ ትክክለኛ መንገድ ይዟል። ይህ የሰረዝ ቅጽ ጃፓናዊው የጥራት ሊቅ ካዎሩ ኢሺካዋ ማንኛውም የፋብሪካ ሠራተኛ ሊጠቀምባቸው ይችላል ብለው ካስፋፏቸው ሰባት መሠረታዊ የጥራት መሣሪያዎች አንዱ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ያወቀው በካይዘን (ሥራን ደረጃ በደረጃ በማያቋርጥ መልኩ በማሻሻል የጃፓን ዘዴ) በኩል ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ጋር የሙከራው ሥራ ተጀምሮ 30 ያህል ፋብሪካዎች ከተመረጡበት፣ በ2011 ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ጊዜ ወዲህ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚያ ሥልጠና ውስጥ በየፋብሪካው ሥር የሰደደው ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት ነው፤ የመቁጠሪያና የመለኪያ መሣሪያዎቹ ግን በብዙ ቦታ ከሥልጠናው ሰነድ አልወጡም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ መነሳቱ ደስ አሰኝቶኛል።

ከሁሉ በፊት «መንስኤ» የሚለውን ዓምድ አውጡት። ተቆጣጣሪዋ የምታየው የዘለለውን ስፌት ነው፤ መርፌው ይደንዝዝ፣ የክሩ ውጥረት ይላላ፣ ጨርቁ ይለወጥ ከተቀመጠችበት ሆና ልታውቅ አትችልም። የማታውቀውን እንድትጽፍ ስትገደድ አለቃዋን የማያስቆጣውን መልስ ትመርጣለች፤ ያም ሁልጊዜ ኦፕሬተሩ ነው። ቅጹ ምን፣ የት፣ መቼ እና ስንት የሚሉትን ብቻ ይጠይቅ። ለምን የሚለው ቁጥሮቹ ከተደረደሩ በኋላ ማሽኑ አጠገብ ተቁሞ የሚመለስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከእያንዳንዱ ሰዓት ዓምድ ግርጌ «የታዩ ሸሚዞች ብዛት» የሚል ረድፍ ማስገባት ነው። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ 9 እንከን፣ ከሰዓት በኋላ 14 እንከን ተመዘገበ ቢባል፣ ከሰዓት በኋላ የታዩት ሸሚዞች እጥፍ ከሆኑ ሥራው ተሻሻለ እንጂ አልተበላሸም። በተጨማሪም በአንድ ሸሚዝ ላይ ሦስት እንከን ሊገኝ ስለሚችል «እንከን ያለባቸው ሸሚዞች» ለብቻቸው ይቆጠሩ፤ የእንከንና የሸሚዝ ቁጥር ሲደባለቅ የሚፈጠረው ጭቅጭቅ ማለቂያ የለውም።

ሦስተኛው የትርጉም ጉዳይ ነው። የትኛው መጨማደድ ያልፋል፣ የትኛው አያልፍም? ገዢው ያጸደቀውን ናሙናና የማያልፈውን ናሙና ጎን ለጎን በጠረጴዛዋ ፊት ስቀሉላት። ቅጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ደግሞ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ተመሳሳይ 30 ሸሚዞችን በየራሳቸው አይተው ሰረዛቸው ይነጻጸር። ሰረዞቹ ካልተቀራረቡ ቅጹ የሚለካው ሸሚዙን ሳይሆን የተቆጣጣሪዋን ጥብቅነት ነው።

የመስመር ኃላፊ

በአሰልጣኙ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ገና አልተነሳም፤ እሱም የኦፕሬተሩ ስም ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት ፋብሪካ የእንከን ቅጹ ላይ የኦፕሬተር መለያ ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ነበር። አስተዳደሩ ያንን ቁጥር ከወርሃዊ ማበረታቻ ክፍያ ጋር አያያዘው። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪዋ እንከን ስታገኝ ሰረዙን ሳታሰምር ሸሚዙን በዝምታ ወደ ኦፕሬተሯ መመለስ ጀመረች፤ ኦፕሬተሯም በምሳ ሰዓቷ ፈትታ ትሰፋዋለች። አብረው የሚኖሩ፣ በአንድ ቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ከአንድ አካባቢ የመጡ ልጆች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ገንዘብ የሚያስቆርጥ ሰረዝ እንዴት ታሰምር? በቅጹ ላይ የእንከኑ ቁጥር ወረደ፤ ከገዢው የሚመጣው ቅሬታ ግን ባለበት ቀጠለ፤ ፈቶ በመስፋት የሚባክነው ጊዜም በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልታየም።

ስለዚህ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ይዛችሁ ወደ መስመር ከመጣችሁ የምታገኙት ባዶ ቅጽ ነው። ይህን የምለው ሠራተኞቹን ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ እኔም እንደ ኃላፊ እውነተኛውን ቁጥር ካላየሁ ማሽን ጠጋኙን ወዴት እንደምልክ አላውቅም።

የጥራት ባለሙያ (የክሩ ከፋች)

ከስም ይልቅ የሥራ ደረጃውን ብናስገባስ? ኮሌታ ማያያዝ፣ እጅጌ መግጠም፣ የጎን ስፌት፣ ጠርዝ መዝጋት ማለቴ ነው። እንከኑ ከየት እንደመጣ ካላወቅን ሰረዙ ብቻውን ወዴትም አያደርሰንም።

የመስመር ኃላፊ

በእኛ መስመር ኮሌታ የምታያይዘው አንዲት ልጅ ናት፤ ስለዚህ የሥራ ደረጃው ቢጻፍም ስሟ የተጻፈ ያህል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ቅጹ ከሞላ በኋላ የሚደረገው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹ ባሉበት «በዚህ ቅጽ ምክንያት የማንም ክፍያ አይነካም» ብሎ ቢናገርና በእርግጥም ሳይነካ ቢቀር፣ የሥራ ደረጃውን መጻፍ ችግር የለውም። ይህ ካልተደረገ የዓምዱ መጠሪያ ቢለዋወጥም ሠራተኛው ያውቀዋል።

ነባር አሰልጣኝ

ይህ ነጥብ ከእኔ ሦስት ነጥቦች ይበልጣል። በቅጹ ላይ የሸሚዝ ሥዕል ማስገባትንም አስቡበት። ከፊትና ከኋላ የተነደፈ ሸሚዝ በግማሽ ገጽ ላይ ይታተምና ተቆጣጣሪዋ እንከኑን ባየችበት ቦታ ላይ ነጥብ ታስቀምጣለች። ከጥቂት ፈረቃ በኋላ ነጥቦቹ በግራው የብብት ስፌት ላይ ተከማችተው ከታዩ፣ ማንም ስም ሳይጠራ ሁሉም ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ሥዕሉ ሌላም ጥቅም አለው። በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ኢንዱስትሪ ፓርኮች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ብዙ ሠራተኞች አሉ፤ «የተዛነፈ» እና «የተጨማደደ» የሚሉትን ቃላት በቃል ከማስጠናት ይልቅ ሥዕልና የተሰቀለ ናሙና ፈጥኖ ያግባባል።

የላብራቶሪ ባለሙያ

የምሠራው በጤና ተቋም ውስጥ ስለሆነ ዘርፌ የተለየ ነው፤ ቢሆንም «ፈረቃው ሊያልቅ ሲል በትዝታ ትሞላዋለች» የሚለው አባባል በደንብ የማውቀውን ነገር ስላስታወሰኝ መጻፍ ፈለግሁ። የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየት ስላለበት፣ ሙቀቱ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ተነቦ በበሩ ላይ በተለጠፈው ቅጽ ላይ ይመዘገባል። አንድ ጊዜ በተሳተፍኩበት የድጋፍ ጉብኝት የወሩ ቅጽ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳይዛነፍ «4» እየተባለ ተሞልቶ አየን። መብራት ሲጠፋና በሩ ሲከፈት ሲዘጋ የሚውል ማቀዝቀዣ ወሩን ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። ይባስ ብሎ የወሩ የመጨረሻ ቀናት ገና ሳይደርሱ ተሞልተው ነበር።

ሞልታው ከነበረችው ነርስ ጋር ስንነጋገር ቅጹን ለማን እንደምትሞላው እንደማታውቅ ነገረችን። በወሩ መጨረሻ ተነስቶ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ አንድም ቀን ስለቁጥሩ የጠየቃት ሰው የለም። ማቀዝቀዣው ከልክ ቢያልፍ ምን ማድረግ እንዳለባትም በቅጹ ላይ አልተጻፈም። እኔ የምመክረው በቅጹ ላይ «ቁጥሩ ከዚህ ካለፈ ለእገሌ ንገሪ» የሚል አንድ መስመር እንዲታተምና፣ ያ የተባለው ሰው በየዕለቱ ቅጹን አይቶ እንዲፈርም ነው። የሚሞላው ሰው ጽሑፉ እንደሚነበብ ሲያውቅ አሞላሉ ይለወጣል።

የውሃ ፋብሪካ ፈረቃ

ስለ ሰዓቱ ዓምድ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። በእኛ ፋብሪካ የታሸገ ውሃ መስመር ላይ አንዱ ተቆጣጣሪ በአገራችን አቆጣጠር 2፡00 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው በኮምፒውተር የለመደ ስለሆነ ለዚያው ሰዓት 8፡00 ይላል። በጠርሙሱ ላይ ቀን የሚያትመው ማሽን የሚከተለው ደግሞ የፈረንጆቹን ነው። ወረቀቱ ሲደመር የጠዋቱ 2 ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ጋር ይቀላቀልና የክዳን መላላት ከሰዓት በኋላ የበዛ ይመስላል።

የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ይብሳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገብቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያገኘውን እንከን በየትኛው ቀን ይጻፈው? አንዱ ፈረቃው የገባበትን ቀን ይጽፋል፤ ሌላው ስልኩን አይቶ ቀኑ እንደተለወጠ ይጽፋል። እኛ በመጨረሻ የደረስንበት መፍትሔ ሰዓቶቹን በቅጹ ላይ አስቀድሞ ማተም፣ ቀኑን ደግሞ «ፈረቃው የጀመረበት ቀን» ብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ማስፈር ነው። ፈረቃው ሲጀምር ኃላፊው አንድ ጊዜ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቀንና ሰዓት አይጽፍም፤ ሳጥን መምረጥ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ከገበያ ሲመለስ በላዩ የታተመውን ቀን ይዘን ትክክለኛውን ወረቀት የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የመረጃ ሥርዓት ባለሙያ

እስካሁን የተነሱት ችግሮች አብዛኞቹ ወረቀት በመሆኑ የመጡ ናቸው። ኮቦ ቱልቦክስን በመሰለ የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ቅጹን በታብሌት ላይ ብታዘጋጁት ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይይዛል፤ ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል፤ በትዝታ የተሞላ መረጃም የተላከበት ሰዓት ስለሚታይ ወዲያው ይለያል። ድምሩን የሚሠራ ሰው አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ በሁሉም መስመር ላይ ይውላል። በወረቀት የተሰበሰበን ቁጥር እንደገና ወደ ኤክሴል የማስገባቱ ሥራ ራሱ የስህተት ምንጭ ነው።

የመስመር ኃላፊ

ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ታብሌቱ በእጅ የሚያዝ ነው፤ የተቆጣጣሪዋ ሁለት እጆች ደግሞ ሸሚዙ ላይ ናቸው። ሰረዝ ማስመር ዓይንን ከሸሚዙ ላይ ብዙም አያነሳም፤ ስክሪን ከፍቶ ከዝርዝር መምረጥና «ላክ» የሚለውን መጫን ግን ለእያንዳንዱ እንከን ሥራዋን ያቋርጣታል። ሌላም አለ። ወረቀቱ መስመሩ መጨረሻ ላይ ተሰቅሎ ሲሞላ ኦፕሬተሮቹም እኔም በአጠገቡ ስናልፍ እናየዋለን፤ ታብሌቱ ውስጥ የገባውን ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚያየው ቢሮ ያለው ሰው ነው።

ነባር አሰልጣኝ

ሁለቱንም በጊዜያቸው ማድረግ ይቻላል። ቅጹ ገና እየተሞከረ ሳለ በየጊዜው ይለወጣል፤ «ሌላ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ሰረዝ ከበዛ አዲስ የእንከን ዓይነት መጨመር አለበት፤ ሰረዝ የማይደርስበት ረድፍ ይሰረዛል። ይህን በእርሳስና በማስመሪያ ማስተካከል ይቀላል። ቅርጹ ከጸና በኋላ የቀኑን ድምር ብቻ በታብሌት መላክ ይቻላል።

ዳቦ ቤት

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእኔ ሥራ ከእናንተ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ጥያቄው ይመለከተኛል ብዬ አሰብኩ። ዳቦ እጋግራለሁ። አንዳንድ ደንበኞች ዳቦው ይቀላል ይላሉ፤ ስመዝን አንዱ ልክ ይሆናል፣ አንዱ ይጎድላል። ሊጡም በምድጃ ውስጥ ውሃ ስለሚያጣ ሲገባ ያለው ክብደት ሲወጣ የለም። የጥራት ክፍል ለመቅጠር አቅም የለኝም። እንዲህ ያለ ቅጽ ለእኔም ይሆናል?

ነባር አሰልጣኝ

ወንድሜ፣ ለእርስዎማ ይበልጥ ይሆናል። የእርስዎ ጉዳይ የሚለካ እንጂ የሚቆጠር ስላልሆነ የቅጹ ቅርጽ ትንሽ ይለያል። በወረቀቱ ግርጌ ክብደቶቹን በ5 ግራም ልዩነት ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፉ፤ ለምሳሌ ዳቦዎ 100 ግራም እንዲሆን ከታሰበ ከ80 ጀምረው እስከ 120 ይደርድሩ። ከምድጃ የወጣ ዳቦ በመዘኑ ቁጥር ከተገቢው ክብደት በላይ አንድ የኤክስ ምልክት ያድርጉ፤ ቀጣዩን ከቀዳሚው በላይ። 50 ዳቦ ሲመዝኑ ምልክቶቹ ራሳቸው ቅርጽ ይሠራሉ፤ ምንም ስሌት አያስፈልግም።

ክምሩ መሐሉ ላይ አንድ ከፍታ ካለውና ወደ ግራ ከተጠጋ ሊጡ ሲቆረጥ ክብደቱን ጨመር ማድረግ ነው። ሁለት ከፍታ ከታየ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል ማለት ነው፤ ሊጡን የሚቆርጡት ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወይም የምድጃው የኋላና የፊት ክፍል እኩል አይሞቅም። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ቆራጭ ወይም ለእያንዳንዱ የምድጃ ክፍል በተለያየ ቀለም ምልክት ያድርጉና ይለዩት። አማካዩን ብቻ አስልተው ቢሆን ኖሮ ልክ 100 ግራም ሊወጣ ይችል ነበር፤ ግማሹ ደንበኛ ግን የጎደለውን ዳቦ እየወሰደ ነው።

የጥራት ባለሙያ (የክሩ ከፋች)

ከመልሶቹ ብዙ ወስጃለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አስተዳደራችን ዕለታዊ ቁጥር ሲያይ፣ ትናንት 12 የነበረው ዛሬ 17 ከሆነ ወዲያው ስብሰባ ይጠራል፤ 8 ሲሆን ደግሞ ያመሰግናል። ሌሎች ባልደረቦች ደግሞ ዕቃው ከመላኩ በፊት በኤ.ኪው.ኤል 2.5 (ጭነቱን በናሙና አይቶ ለመቀበል ወይም ለመጣል በሚያገለግል የጥራት ወሰን) ስለሚፈተሽ የመስመሩ ቅጽ ድግግሞሽ ነው ይላሉ። ምን ልመልስላቸው?

ነባር አሰልጣኝ

ከሁለተኛው ልጀምር። በመጨረሻው ፍተሻ ከ1,201 እስከ 3,200 ሸሚዝ ካለው ጭነት 125 ይወሰዳል፤ እንከን ያለባቸው 7 ከሆኑ ያልፋል፣ 8 ከሆኑ ይወድቃል። ይህ ጭነቱ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ይወስናል እንጂ የዘለለው ስፌት በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው የሥራ ደረጃ እንደተጀመረ አይነግራችሁም። በዚያ ጊዜ ሸሚዞቹ በሙሉ ተሰፍተው አልቀዋል። ስለዚህ ድግግሞሽ አይደለም።

ስለ ዕለታዊው ቁጥር፣ ማንኛውም ሥራ ምንም ሳይለወጥ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። አሜሪካዊው የጥራት ቁጥጥር ሊቅ ዋልተር ሼውሃርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 የቁጥጥር ቻርትን (ዕለታዊ ቁጥሮች ከላይና ከታች ወሰን ጋር የሚሰፍሩበትን ሥዕል) ያቀረቡት ይህንን ተፈጥሯዊ መዋዠቅ ከእውነተኛ ለውጥ ለመለየት ነው። በቀን 200 ሸሚዝ ታያላችሁ፣ በአማካይ 12ቱ እንከን አለባቸው እንበል፤ ይህም ከመቶ 6 ነው። 200ን በ0.06 እና በ0.94 አባዝታችሁ ካሬ ሥሩን ስታወጡ 3.4 ገደማ ይሆናል፤ ያ በሦስት ሲባዛ 10 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ2 እስከ 22 ያለው ቁጥር ሁሉ ከተለመደው ሥራ የሚጠበቅ ነው። 17 ስለሆነ ሠራተኛ መቆጣትም፣ 8 ስለሆነ ማመስገንም መሠረት የለውም። 23 ሲሆን ወይም ለብዙ ቀናት ተከታትሎ ከ12 በላይ ሲውል ግን ወዲያው ወደ መስመሩ ይሂዱ። አማካዩን 12 ራሱን ለመቀነስ ከፈለጉ የሚጠቅመው የአንድ ቀን ቁጣ ሳይሆን የሰረዞቹ ድምር ነው፤ ከስድስቱ እንከኖች የትኛው እንደሚበዛ አይታችሁ እሱን ብቻ ለይታችሁ መሥራት።

የላብራቶሪ ባለሙያ

አንድ ነገር ልጨምር። በቅጹ ራስጌ ላይ የሚጀመርበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የሚቆምበትንም ቀን ጻፉ። በእኛ ተቋም ጥያቄው ከተመለሰ በኋላም የሚሞሉ ቅጾች አሉ፤ ሠራተኛው የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን መለየት ሲያቅተው ሁሉንም እኩል ችላ ይላል።

የጥራት ባለሙያ (የክሩ ከፋች)

ተቀብያለሁ። የሙከራውን ቅጽ ዛሬ አዘጋጅቻለሁ፦ ስድስት የእንከን ዓይነቶችና «ሌላ»፣ አስቀድመው የታተሙ ሰዓቶች፣ የታዩ ሸሚዞችና እንከን ያለባቸው ሸሚዞች ለየብቻ፣ ከሥር የሸሚዙ የፊትና የኋላ ሥዕል፣ በራስጌው ፈረቃው የጀመረበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እና ቅጹ የሚቆምበት ቀን። «መንስኤ» እና የኦፕሬተር ስም ወጥተዋል። የሥራ ደረጃውን ለጊዜው አላስገባሁትም፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ነጥቦች በቂ መሆናቸውን መጀመሪያ ማየት እፈልጋለሁ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተነጋገርነው ቅጹ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ለሁለት ሳምንት እንዲሞከርና ለክፍያ ስሌት እንዳይውል ነው፤ ይህንንም ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እሱ ራሱ ለሠራተኞቹ እንዲናገር ጠይቄዋለሁ።

የመስመር ኃላፊ

ሥራ አስኪያጁ ከተናገረ በኋላ ተቆጣጣሪዋ የመጀመሪያዎቹን ሰረዞች ስታሰምር አጠገቧ ቁሙ፤ የማትረዳውን ረድፍ በዚያው ሰዓት ታሳያችኋለች። ወረቀቱም ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት እስከ ማግስቱ ፈረቃ ድረስ መስመሩ ላይ ተሰቅሎ ይደር።